ሳይደገፉ መውረድ

በሩ አንድ ስንዝር ያህል ተከፈተና ሲሚንቶ ገጭቶ ቆመ። ፀጉር አስተካካዩ መልሶ ዘጋው፤ እንደገና ከፈተው። አሁንም ገጨ። በዚያ ክፍተት ክንድ ይወጣል እንጂ ሰው አይወጣም።

ሚስቱ በወዲያኛው በር ወርዳ ቀሚሷን እያስተካከለች ነበር። ድምፁን ሰምታ ጎንበስ አለችና በመስኮቱ አየችው።

"ምንድን ነው?"

"የሆነ ነገር ያዘው።"

በሴት ልጁ ቤት በረንዳ ላይ ሦስት ሰዎች ቆመው ያያሉ፤ ልጁ፣ ባሏና የእሱ ታላቅ እህት። የእሁድ ምሳ ቀርቧል። ማንም ግን ወደ ምግቡ አልዞረም። ሁሉም የሚጠብቁት የእሱን ከመኪና መውረድ ነው።

ምክንያት አላቸው። ባለፈው ዓመት አንድ ጧት ፀጉር ቤቱ በር ላይ አቁሞ ሊወርድ ሲል ጉልበቱ እምቢ አለው። ዕድሜውን ሙሉ ከወንበር ጀርባ ቆሞ የኖረ ጉልበት ነው። ሁለት ደንበኞች ብብትና ብብቱን ይዘው እንደ በሰበሰ ጥርስ ነቅለው አወጡት። ወሬው ከእሱ ቀድሞ ቤቱ ገባ። ነርስ የሆነችው ልጁ የዚያኑ ቀን መጣች።

"አባዬ፣ በቃ። ከፍ ያለ መኪና እንፈልግልህ። ይቺ ለጎረምሳ እንጂ ለአንተ አይደለችም።"

እሱ ደግሞ ተናደደ። "ስሙኝ ሁላችሁም" አለ፤ "ለመውረድ የሰው እጅ የፈለግኩ ቀን ቁልፉን ራሴ እጅሽ ላይ አኖረዋለሁ።"

እህቱ እዚያው ነበረች። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው እንግዲህ" ብላ አሰረችው።

መኪናዋ አረንጓዴ፣ ዝቅ ያለች፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና ናት። ከልጁ በዕድሜ ትበልጣለች። የአንድ ደንበኛ ጓሮ ውስጥ ዶሮ እያደረባት ነው ያገኛት። ሰውየው ፀጉሩን እየተቆረጠ "ብረት ናት፤ ቦታ ከምትይዝብኝ ውሰዳት" አለው። መቀሱን አስቀምጦ፣ የሰውየውን ፀጉር ግማሹን ትቶ፣ ሊያያት ሄደ። ሰውየው ጨርቁን በአንገቱ እንዳሰረ ተከተለው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት፣ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ ሲመለስ፣ ሲፈታት ሲያጥባትና ሲገጥማት አመሸ።

ሌላ ሰው እንዲህ ያለችውን መኪና ሸራ ያለብሳትና በሰንበት ብቻ ያወጣታል። እሱ ግን በየቀኑ ይነዳታል፤ ወደ ፀጉር ቤቱ፣ ወደ ገበያ፣ በዝናብም በጭቃም። "የቆመ መኪና እንደ ቆመ ውሃ ነው" ይላል። የጭስ ማውጫዋ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ሲሰማ የመጀመሪያው ደንበኛ ከፀጉር ቤቱ ደጃፍ ተነስቶ ኮቱን ያወልቃል። የሰፈር ልጆች አንበጣ ይሏታል። ሚስቱ ጣውንቴ ትላታለች።

ልጁ ትምህርት ቤት የሄደችው በዚህች መኪና ነው። ልጁን አድርሶ ይመለስና ሚስቱን ወደ ልብስ ስፌት ፋብሪካው ይወስዳል፤ ከዚያ ፀጉር ቤቱን ይከፍታል። ሦስቱ አንድ ላይ የትም ደርሰው አያውቁም። ዘመድ ቤት ሲጠሩ መጀመሪያ እናት ትደርሳለች፣ ቀጥሎ ልጅ። "የወንድሜ ቤተሰብ ተቆራርጦ ነው የሚመጣው" እያለች እህቱ ታስቅ ነበር።

መኪናዋ አንድ አመል አለባት። ጧት በብርዱ በአንድ ቁልፍ ትነሳለች። ሞቃ ከቆመች ግን እስክትበርድ ድረስ አባቷም ቢመጣ አትነሳም። ስለዚህ መንገድ ላይ ዳቦ ሲገዙ ሞተሩ አይጠፋም። ሚስቱ ሮጣ ትገዛለች፣ እሱ ነዳጅ እየሰጠ ይጠብቃል።

ዛሬ ግን አጥፍቷታል። የሚቆምበትን ቦታ ያሳየው አማቹ ነበር፤ "ይምጡ፣ ይምጡ፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ!" ብሎ። እሱም ቁልፉን አዞረ። ከዚያ ነው በሩ የገጨው።

አማቹ ከበረንዳው ወርዶ መጣ። የመብራት ሠራተኛ ነው፤ ዝምተኛ፣ ጨዋ ልጅ። ይህን ቤት ከገቡበት ጊዜ ጀምሮ የጎደለውን ሁሉ በእጁ ነው የሠራው።

"አባባ፣ ደረጃውን አዩት?"

"የቱን ደረጃ?"

"በርዎ ሥር ያለውን። ግቢው ተዳፋት ስለሆነ ሲወርዱ ጉልበትዎን እንዳይጎዳዎት ብዬ ነው። አሸዋውንም ያቦካሁት፣ ልስኑንም ያወጣሁት እኔው ነኝ። እግርዎን ሲያወጡ ቀጥ ብሎ እሱ ላይ ያርፍልዎታል።"

ፀጉር አስተካካዩ በክፍተቱ ቁልቁል አየ። የተለሰነ፣ ጠርዙ የተከረከመ፣ ንጹሕ ሥራ ነው። ለሌላ መኪና ቢሆን በሩ ከላዩ ያልፍ ነበር። የዚህችኛዋ በር ግን ከሰው ቅልጥም በታች ነው የሚወርደው። አማቹ የለካው እግር እንጂ በር አይደለም።

"ደረጃህ ነው የያዘኝ" ሊል አፉን ከፈተ። የአማቹን ጥፍሮች አየ፤ ሲሚንቶው ገና ከሥራቸው አልወጣም። ከኋላው ልጁ ቆማለች። አባቷን ሳይሆን ባሏን ነው የምታየው፤ ፊቷ እንዳንቺ ያለ ማን አለ የተባለች ሴት ፊት ነው።

"አየሁት" አለ ፀጉር አስተካካዩ። "እጅህ ይባረክ።"

በወዲያኛው መስኮት ወደ ሚስቱ ዞሮ ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳትናገሪ ማለቱ ነው። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ወደ በረንዳው ወጣች።

"ይውረዱ እንግዲህ፤ ምሳው ቀርቧል።"

"ቆይ፣ ሞተሩ ይብረድ። እናንተ ጀምሩ።"

ሄዱ። እሱ በሚስቱ በኩል ልሻገር ብሎ ሞከረ። ማርሹና የእጅ ፍሬኑ መሀል ላይ ተገትረዋል። ቀኝ እግሩን አሻገረ፤ የግራ ጉልበቱ መሪው ሥር ተወትፎ አልመጣ አለ። ቀኙንም መለሰው።

"ምን ሆኖ ነው የሚርመጠመጠው?" አለች እህቱ ከላይ፣ እንዲሰማ አድርጋ።

ልጁ ወረደች። ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ አልጋ አጠገብ እንደምትቆመው ቆመች።

"አባዬ፣ ሞተሩ መብረዱ ከመውረድ ጋር ምን አገናኘው?"

"አለ የሚያገናኘው።"

"ጉልበትህ ነው?"

"ጉልበቴ ደህና ነው።"

"እሺ፣ ደህና ነው" አለች፤ በትኩሳት ነድዶ አላመመኝም ለሚል ሰው በምትናገርበት ድምፅ። "ማንም አይስቅብህም። እኔ አለሁ አይደል?"

እጇን በመስኮቱ ዘረጋች። መዳፏ ወደ ላይ ነው። እጅ ልትሰጠው ይሁን ቁልፍ ልትቀበል አልለየለትም። እሷም የለየላት አይመስልም። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በዚህች መኪና ነው ያደገችው።

"ብዪ፣ ምግብሽ ይቀዘቅዛል" አላት።

እህቱ ሳህን ይዛ መጣች። "አንተ ካልወረድክ ሳህኑ ይወርዳል። እንካ!"

ተቀብሎ ቀመሰ። "እትዬ፣ ጨው አንሶታል።"

"ወርደህ ጨምር!"

"እዚሁ አምጪልኝ።"

"ይሄ ምግብ ቤት መሰለህ? አንተ ታናሼ፣ እስኪ እውነቱን ንገረኝ። ተጣብቀሃል?"

"አልተጣበቅኩም።"

"ዱሮም ቆጥ ላይ ወጥተህ መውረድ ሲያቅትህ 'አየር እየተቀበልኩ ነው' ትል ነበር።" እየሳቀች ሄደች። ጨዉን ግን ላከችለት፤ አማቹ ነው ያመጣው። ከሳህኑ ጠርዝ ላይ በጥንቃቄ ነሰነሰለት።

ፀጉር አስተካካዩ በላ። ከበረንዳው የማንኪያ ድምፅ ይመጣል። እሱ የሚያዳምጠው ሌላ ነው። ብረት ሲበርድ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፤ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እየራቀ። ያ ድምፅ ሲያቆም ሞተሩ ይነሳል። ካልተነሳ ግን እዚህ እስኪመሽ መቀመጥ አይቻልም፤ ፍሬን ለቅቆ እንዳያንሸራትታትም ተዳፋቱ ወደ ቤቱ ግድግዳ ነው። ወይ የአማቹን ደረጃ በሰው ፊት ያዋርዳል፣ ወይ እጅ ተቀብሎ በመስኮት እየተጎተተ ይወጣና ቁልፉን ይሰጣል። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ልጁ ተመልሳ መጣች። አሁን አላመነታችም። "አባዬ" ብላ እጇን ዘረጋች።

ጆሮውን ከመሪው ኋላ ወዳለው ክሩስኮት አዘነበለ። ቀጭታው ቆሟል።

"ዞር በይ፣ ልጄ።"

ቁልፉን አዞረ። ማስነሻ ሞተሪኖው አቃሰተ፣ ዝም አለ። እንደገና አዞረ። አንዴ አስነጠሰችና ጠፋች። በረንዳው ላይ ሁሉም ተነስተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ አዞረ፤ ያቺ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃት ድምፅ ግቢውን ሞላችው።

ማርሹን ወደ ኋላ አስገብቶ ተንቀሳቀሰ።

"አኩርፎ ሊሄድ ነው!" አለች እህቱ። "ያዙት!"

ደረጃውን አልፎ ቆመ። ሞተሩን አላጠፋም። በሩ እስከ መጨረሻው ተከፈተ።

ከመኪናዋ የሚወረድበት ዘዴ አለው፤ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በየጧቱ ከፀጉር ቤቱ በር ላይ የተለማመደው ነው። ወንበሩን ወደ ኋላ ሳበ። ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ አወጣ። ግራ እጁን ከበሩ ማዕዘን ላይ አሳረፈ። ፀጉሩን ሊታጠብ ገንዳ ላይ እንደሚያጎነብስ ደንበኛ ራሱን ወደ ፊት ሰበረ፣ ከዚያ ክብደቱን ሁሉ ወደ እግሩ ጥሎ ተነሳ። ጉልበቱ ጮኸ። እሱ አልጮኸም።

ቆመ። ኮቱን አስተካከለ። ጎንበስ ብሎ ባዶውን ሳህን ከወንበሩ አነሳና ልጁ ተከትላው መጥታ በዘረጋችው መዳፍ ላይ አኖረው።

"ጨው አንሶታል" አለ።

ልጁ በሳቅ ፈነዳች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በጎን ነው። እሱ ግን ወደ ደረጃው ሄደ። እግሩን አነሳ፣ ወጣበት፣ ቆመበት። አማቹን ቀና ብሎ አየው።

"ልኩ ነው" አለ።

ማታ ሲመለሱ ትልቁ መንገድ ላይ ደረሱ። "አንተን የሚገድልህ ኩራትህ ነው" አለች ሚስቱ።

"ገና አልሞትኩም።"

"ጣውንቴ ባትነሳ ኖሮስ?"

"ተነሳች።"

በማግሥቱ አማቹ በደረጃው ጠርዝ ላይ አረንጓዴ ቀለም አየ። ለማንም አልተናገረም። ደረጃውን አፍርሶ ራቅ አድርጎ ሠራው። ፀጉር አስተካካዩ ቁልፉን ያስረከበው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያስቆመው ዓይኑ እንጂ ጉልበቱ አልነበረም። ነርሷ ዛሬ በየጧቱ ሆስፒታል የምትገባው በአረንጓዴዋ መኪና ነው።