ድስት የማያውቀው ጎደሬ

ልጆቼን አሳድጌ ከጨረስኩ በኋላ ነው መቱ ውስጥ የቅዳሜና እሁድ ትምህርት የገባሁት። የታሪክ መምህራችን እስልምና ወደ አካባቢያችን እንዴት እንደ ገባ ሽማግሌ ጠይቀን እንድንጽፍ አዘዘን። መጽሐፉ ነገሩን በአንድ መስመር ጨርሶታል፦ በንግድ፣ በሼኮች ትምህርትና በጋብቻ ተስፋፋ። ስሕተት የለውም። እኔ ግን ከዚያ መስመር ጋር አጥር ተጋርቼ ነው የኖርኩት።

ጎረቤቴ እትዬ የጎሬ ክርስቲያን ልጅ ነበሩ። ከጅማ ጨውና ጨርቅ በበቅሎ እያመጣ ቡና ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ አግብተው ሰለሙ።

«እስልምና ሲመጣ አይተዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እኔ ያየሁት በቅሎ ሲመጣ ነው» አሉ። «ከበቅሎው ኋላ ደግሞ ቆንጆ ሰው ነበር።»

ታላቅ ወንድማቸው ከዚያ ወዲህ ከቤታቸው እህል ቀምሰው አያውቁም። በእኛ አገር ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ፣ እስላሙም የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። ድግስ ሲኖር ለየብቻ ይታረዳል፤ ማንም አይቀየምም። ሽሮውና ምስሩ ግን አብሮ ይበላል። ወንድማቸው ጥብቅ ስለነበሩ ሥጋው የተሠራበትን ድስት ጭምር ይጸየፋሉ። ስለዚህ እትዬ ሥጋ ያልነካው አንድ የሸክላ ድስት ለብቻው አስቀምጠው ኖረዋል። ወንድማቸው ግን ከሚኖሩበት ከኢሉባቦሯ ቡሬ ለገበያ ሲመጡ ከደጅ ሰላም ብለው ያልፋሉ።

ያን ሰሞን ወንድማቸው መቱ ሆስፒታል ተኙ። እንደማይድኑ ሁላችንም አውቀናል። እትዬ የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድማቸው ሳይሞቱ አንድ ጊዜ የእጃቸውን እንዲበሉላቸው።

ድስቱ ወረደ፣ ታጠበ፣ ሽሮው ተጣደ። ከጎኑ ለቤተሰቡ የሥጋ ወጥ ይንተከተካል። እትዬ እንቅልፍ ካጡ ሰንብተዋል፤ ከሥጋው ያወጡትን ማማሰያ ሽሮው ውስጥ ከተቱት። ሁለታችንም አየነው።

«ማን ያውቃል?» አልኳቸው።

«እኔ አውቃለሁ። ሰው አላታልልም፣ ያውም የሚሞት ሰው።»

«ከእኔ ቤት ሠርቼ ላምጣ?»

«ያንቺን የክርስቲያኗንማ መች እምቢ አለ? የእኔን እንዲበላ ነው የምፈልገው።»

ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው የዚያ ቀን ድካም ብቻ አልነበረም። ቆየት ብለው ከጓሮ ጎደሬ ነቅለው መጡና ረመጥ ውስጥ ቀበሩት።

«ራኮን ሂንጂሩ፣ ችግር የለም» አሉ። «ይኼ ጎደሬ ድስት አያውቅም።»

ሆስፒታል ስንደርስ እትዬ ከክፍሉ በር ላይ ቀሩ። እኔ ገብቼ ጎደሬውን የጠቀለልንበትን ፎጣ ገለጥኩና «ከእህትዎ ነው» ብዬ ለወንድማቸው አቀረብኩ።

«በየትኛው ድስት ነው?»

«በረመጥ ነው፣ ጋሼ።»

አንዱን አንስተው ልጣጩ ላይ የቀረውን አመድ አዩት። በጥፍራቸው ገፈፍ አድርገው ቀመሱና ቀስ ብለው አላመጡ።

«መሀሉ አልበሰለም» አሉ። «ድሮም ትቸኩላለች። ለነጋዴውም እንዲሁ ነው የቸኮለችው።»

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ ከበሩ።

«ከሰማሽ ግቢና ላጪልኝ፤ እጄ ዝሏል።»

እትዬ ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ብዙ አልተነጋገሩም፤ ሁለቱም ደክሟቸዋል። እትዬ ጠንካራውን መሀል ለራሳቸው እያስቀሩ የበሰለውን ዳር ዳሩን እየቆረሱ አጎረሷቸው።