ጥቁሯ መኪናና የአባቴ ወዳጅ

ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሌላ መኪና ሲገዛ የድሮዋን ለእኔ ላካት። ጥቁር፣ ረዘም ያለች፣ ወንበሯ ሁሉ ቆዳ የሆነ የጀርመን ሥሪት ናት። በደጉ ጊዜዋ የአንድ ባለሀብት ነበረች አሉ። ከተማችን መካነ ኢየሱስ የገባች ቀን የሰፈሩ ሰው ከየደጁ ወጥቶ አያት። እኔ ገበያው ጥግ የጨርቅ ሱቅ አለኝ፤ እንዲህ ያለች መኪና ምን እንደምትሠራልኝ ራሴም አላወቅሁም ነበር። «ሸጠሽ የጭነት መኪና ግዢባት» ያለኝ ብዙ ነው።

አባቴ ግን እንደዚያ አላለም። እሱ በወጣትነቱ በበቅሎ፣ ኋላም የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ ከገበያ ገበያ ጨርቅ ሲያዞር የኖረ ነጋዴ ነው። ወድቆ ወገቡ ከተጎዳ ወዲህ አውቶቡስ አይችልም። መኪናዋ በመጣች ማግስት ምርኩዙን ይዞ ወጣና «እስቲ ክፈቺልኝ፣ ልቀመጥባት» አለኝ። የፊት ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና፣

«ይቺ ስማዳ ትደርሳለች?» ሲል ጠየቀኝ።

ለምን እንደጠየቀኝ ገባኝ። እዚያ ስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወዲህ ባለ መንደር የሚኖሩ አንድ ገበሬ ወዳጅ አለው። አባቴ ጨርቅ ይዞ ሲወጣ የሚያድረው እሳቸው ቤት ነበር፤ እሳቸውም ገብስና ባቄላ ይዘው ሲመጡ እኛ ቤት ያድሩ ነበር። እሱ እስላም፣ እሳቸው ክርስቲያን ናቸው፤ እኛ ልጆቹ ያደግነው እሳቸውን እንደ አጎት እያየን ነው። ወገቡ ከተጎዳ በኋላ በስልክ ብቻ ነበር የሚገናኙት። በቅርቡ ደግሞ የሰውዬው ጆሮ ደከመ። አባቴ ይጮኻል፣ እሳቸው «ማን ልበል?» ይላሉ፣ መጨረሻ ላይ ስልኩ ይዘጋል።

«መጀመሪያ ጤናዋን ልየው አባባ፣ ከዚያ እንሄዳለን» አልኩት።

ጤናዋ እንዲህ ነበር። የኋላ መስኮቷ ወርዶ አይወጣም። የሾፌሩ በር ከውስጥ አይከፈትም፤ መስታወቱን አውርጄ እጄን ወደ ውጭ እየሰደድኩ ነበር የምከፍተው። ዝናብ ሲጥል ምንጣፏ ይረጥባል። ዳሽቦርዱ ላይ ቢጫ መብራት በርቶ አይጠፋም። የከተማችን መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ተመለከተና «ይህችማ በኮምፒዩተር ናት፤ ደብረ ታቦር ውሰጃት» ብሎ መልሶ ዘጋው።

ደብረ ታቦር እስክሄድ የምችለውን በራሴ ጀመርኩ። ከሱቅ ስመለስ ከጸሐይ መጥለቅ በፊት ትንሽ ጊዜ አለኝ። አባቴ ወንበር አስወጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። የበሩን የውስጥ ሽፋን በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው፣ ከመክፈቻው ጋር የሚያያዘው ገመድ ከቦታው ወጥቶ ኖሯል፤ መልሼ አሰርኩት። የመስኮቱ ችግር የተቃጠለ ፊውዝ ነበር፤ ቀየርኩት። ምንጣፉን የሚያረጥበው ደግሞ ጣሪያዋ ላይ ያለው የሚከፈት መስታወት ነው። ጥግ ጥጉ ላይ ውሃ የሚያወርዱ ቀጫጭን ቱቦዎች አሉት፤ የባሕር ዛፍ ቅጠልና አቧራ ደፍኗቸዋል። በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ እያልኩ ጠረግኋቸው። አባቴ ለሶላት የሚታጠብበትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ አቀበለኝና ጣሪያው ላይ ውሃ ሳፈስ፣ ጎማው አጠገብ ኩልል ብሎ ወጣ። «ወጣ! ወጣ!» ብሎ በምርኩዙ መሬቱን መታ።

ከሁሉ ያስደሰተው ግን የወንበሩ ነገር ነው። የሾፌሩ ወንበር ቁልፍ ሲጫኑት ይሞቃል፤ አባቴ የሚቀመጥበት ግን አይሞቅም። ሞተሩን አጥፍቼ፣ ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ከሥሩ ሳይ የሽቦው ማገናኛ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ስሰካው ጠቅ አለ። መኪናዋን አስነስቼ አባቴን አስቀመጥኩት። ጥቂት ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ።

«ምን ሆንክ?»

«ወገቤን እሳት ዳር ያስቀመጥሽው ይመስላል። አልሃምዱሊላህ።»

ከዚያ ቀን ወዲህ በየማታው ጥያቄው አንድ ሆነ፤ መቼ ነው የምንሄደው?

ደብረ ታቦር ያለው መካኒክ መሣሪያውን ሰክቶ አየና ቢጫው መብራት የበራው አንድ ትንሽ እቃ ስለደከመ ነው፣ አያስፈራም አለኝ። የሚያስፈራው ሌላ ነው። የፊት የፍሬን ሸራዎች አልቀዋል፤ አንዱ ጎማ ጎኑ ተሰንጥቋል። «በዚህ ፍሬን ቁልቁለት አትውረጂ» አለኝ። ዘይቱን ከክረምት በፊት፣ ባትሪውን ከክረምት በኋላ ቀይሪ ብሎ የቀረውን በጊዜ ከፋፈለልኝ። ለእሷ የሚሆነው ሸራ አዲስ አበባ ብቻ ስለሚገኝ ወንድሜ ገዝቶ በአውቶቡስ እንዲልክልኝ ደወልኩ።

ለአባቴ ስነግረው ከፋው።

«እኔ እጠብቃለሁ። የእሱ ጆሮ ግን ይጠብቃል?»

«አባባ፣ አንተን ይዤ ፍሬን በሌላት መኪና አልወርድም።»

ያን ሰሞን መኪናዋ ውስጥ መቀመጥ ተወ። አቋሜን ግን አልለወጥኩም። እቃው መጣ፤ የከተማችን መካኒክ ገጠመው፤ ጎማውም ተቀየረ። ከተማው ውስጥ ያለችውን ቁልቁለት ደጋግሜ ወርጄ ሞከርኳት፤ ቀጥ ብላ ቆመች። ያን ጊዜ «ነገ» አልኩት።

የሄድነው ረመዳንና ዐቢይ ጾም በተገናኙበት ወር ነው። መንገዱን የሚያውቁ ሾፌሮች ጠይቄ ነበር፤ መኪናዋ ዝቅ ያለች ስለሆነች እስከ መንደሩ አትገባም አሉኝ። ስለዚህ አብራቸው ለምትኖረው ለሰውዬው ልጅ ደወልኩና፣ ለአባቷ ነግራ ጥርጊያው መንገድ ከሚያልቅበት ወጥተው እንዲጠብቁን ተስማማን። ቀስ ብለን ሄድን። እኔ ጉድጓድ እያየሁ፣ አባቴ የትኛው ዛፍ ሥር ማን እንደዘረፈውና የትኛው ወንዝ በቅሎውን ሊወስድበት እንደነበር እያወራ።

ነጭ ጋቢ ለብሰው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። አባቴ እስክደግፈው አልጠበቀም፤ በሩን ራሱ ከፍቶ ወረደ። ተቃቅፈው ትከሻ ለትከሻ ብዙ ተሳሳሙ። ቆይተው ሰውዬው፣

«ምግብ አላመጣሁልህም። አንተም ጾመኛ፣ እኔም ጾመኛ» አሉ።

አባቴ አፉን ጆሯቸው ላይ አድርጎ «አንተ ራስህ መጥተህ የለም ወይ!» አላቸው። ሰሙት። በስልክ ያልሆነው ሆነ።

ብርድ ስለነበር ሁለቱንም መኪናዋ ውስጥ አስገባኋቸው፤ አባቴ የፊቱን ወንበር ለወዳጁ ለቆ ከኋላ ተቀመጠ። ወንበሩ ሲሞቅ ሰውዬው ደንግጠው ብድግ ሊሉ ሲሉ በጭንቅላታቸው ጣሪያዋን መቱት።

«ልጄ፣ ተቃጠለች!»

«አልተቃጠለችም አባቴ፣ ለወገብ ተብሎ ነው የተሠራው። ይቀመጡ።»

አባቴ ከት ብሎ ሳቀ፤ እንደዚያ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈው ነበር። እየሳቁ ሳሉ አባቴ እኛ ጋ እንዲሰነብቱ ሰውዬውን ለመናቸው። ልጃቸውን አስጠርተው ለቤት መልእክት ላኩና አብረውን ተመለሱ። ማታ ጸሐይ እስክትጠልቅ ከአባቴ ጋር ቆይተው አብረው አፈጠሩ። እሱ በቴምር፣ እሳቸው በውሃ፤ ከዚያ ሁለቱም ከአንድ ትሪ የምስር ወጥ በሉ።

ክረምቱን መኪናዋ ከዳስ ሥር ቆማ ከረመች። ዘይቷን አስቀድሜ ቀይሬ ነበር፤ ዝናቡ ሲያባራ ባትሪዋ ተለወጠ። በጥቅምት መንገዱ ሲደርቅ እንደገና ስንሄድ የሰውዬው ልጆችና ጎረቤቶቻቸው ወደ መንደሩ የሚያስገባውን መውረጃ በድንጋይ ሞልተው አስተካክለው ጠበቁን። መኪናዋ ሆዷን ሳትነካ ደጃፋቸው ድረስ ገባች። ገብሱ ሊታጨድ ደርሶ ነበር። ሁለቱ ሽማግሌዎች እየተደጋገፉ ማሳውን ለማየት ወረዱ፤ እኔም ሞተሩን አጥፍቼ ተከተልኳቸው።