የጋሽ ኃይለየሱስ ምንጭ

ጋሽ ኃይለየሱስ ወንዟን ያገኟት መኪናቸው ስለፈላችባቸው ነው። ከሞጆ ጭነት ይዘው በሶደሬ መንገድ ሲወርዱ ራዲያተሩ እንፋሎቱን ለቀቀ። ጀሪካን አንጠልጥለው ከመንገዱ በታች ወዳለው ጫካ ገቡ፤ ውኃ ቀድተው ለመውጣት ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ረዳታቸው ጅብ የበላቸው መስሎት አልቅሷል። ጡረታ ሲወጡ ደግሞ የናዝሬቱን ቤት ለቀው እኛ መንደር ጎጆ ቀለሱ። ሚስታቸው "ምነው ሌላ ሴት በወደደ!" አሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ሴት ብትሆን ቢያንስ ትታማ ነበር።

ወንዝ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ፍየል ጉልበቷን ሳታርስ ትሻገራታለች። ከአንድ ትልቅ ሾላ ሥር ትነሣለች፣ በግራሩና በደንገሉ መካከል እየተሹለከለከች ወርዳ አዋሽ ትገባለች። አለቀ። ጋሽ ኃይለየሱስ ግን ስለ እሷ ማውራት ከጀመሩ ፍሬን የላቸውም። ነገሩን ሁሉ በመኪና ነበር የሚያስረዱት። ሾላው የራዲያተሯ ክዳን ነው፤ ጥላው ከተነሣ ውኃው በፀሐይ ያልቃል። ደንገሉ ፍሬኗ ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ይይዛታል። የሾላው ፍሬ ውኃ ላይ ሲወድቅ አምባዛ የሚባለው ፂማም ዓሣ ይለቅመዋል፤ የተረፈውን ጦጣ በልቶ ዘሩን ሌላ ቦታ ይጥላል። እንቁራሪት ከዝናብ ጋር ከሰማይ ትወርዳለች ብለውም ሽንጣቸውን ገትረው ይከራከሩ ነበር፤ በዚህስ አልደግፋቸውም።

አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ ለመንደራችን የስብሰባ አዳራሽ ይሠራ ተባለ። የመጣው ካድሬ ጓድ አስፋው ይባላል፤ ሳይቆጣ በለሰለሰ ድምፅ የሚናገር ልጅ ነበር፤ እንዲህ ያለውን ነው መፍራት። ለአዳራሹ ጣውላ ሾላው እንዲቆረጥ ታዘዘና ግንዱ ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። ጋሽ ኃይለየሱስ እንቅልፍ አጡ። የጽሕፈት ቤቱን ደጅ ጠኑ፣ የሚሰማቸው አላገኙም። በመጨረሻ የመንደራችን የከሪማ ሻይ ቤት ገብተው ተነፈሱት።

"ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል" አሉ። "ከሥሩ ግን ያለቀለት ነው። እንዲህ ከቀጠለ ሁለት በጋ አይዘልቅም።"

ምንጩን ማለታቸው እንደሆነ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያውቃል፤ ከዚያ ሌላ ምን አውርተው ያውቃሉ? ወሬው ግን ገበያ ሲደርስ ምንጩን ጥሎ ብቻውን ሄደ። ሞጆ ሲገባ ያለቀለት የተባለው መንግሥት ሆኖ ገባ። ከናዝሬት ለጓድ አስፋው ትእዛዝ መጣለት፦ የአሉባልታው ምንጭ ባስቸኳይ ይታወቅ።

እኔ ወዬሳ በዚያን ጊዜ የመንደሩ አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። ጠመንጃ ነበረኝ፣ ጥይት አልነበረኝም። ወሬው ከሻይ ቤቱ መውጣቱ ተደርሶበት ጋሽ ኃይለየሱስን ጠርተህ አምጣ ተባልኩ፤ በእንዲህ ያለ ነገር ናዝሬት የተወሰደ ሰው ሲመለስ አላየሁም። እሳቸው ግን ስለ ሾላው በመጨረሻ ሊሰሟቸው የጠሯቸው መስሏቸው ኮታቸውን ለበሱ። መንገዱን ሙሉ እያፏጩ ሄዱ።

"አባት፣ እኛ እርስዎን መጉዳት አንፈልግም" አለ ጓድ አስፋው። "ምንጩን ብቻ ይንገሩን።"

ጋሽ ኃይለየሱስ ፊታቸው በራ። "ከሾላ ነው የሚነሣው፣ ጓድ!"

"ከሾላ!" ጓድ አስፋው ከወንበሩ ብድግ አለ። "ከአዲስ አበባው ሾላ ሰፈር ድረስ!"

እኛ በኦሮምኛ የውኃ ምንጭን ቡርቃ ነው የምንለው። ጋሽ ኃይለየሱስ ቡርቃው ብለው መልሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። "ጓድ፣ ሾላ ማለት . . ." ብዬ ስጀምር "አንተ በርህን ጠብቅ" አለኝ። ጠበቅሁ።

"ብቻውን ነው?"

"የለም፣ ሦስት ዓይን አለው። አንደኛው በበጋ ይጠፋል፣ ክረምት ሲገባ ብቅ ይላል። ሁለቱ ግን ሌት ተቀን አያርፉም።"

"የት ይገናኛሉ?"

"ከትልቁ ድንጋይ በታች። ከዚያ አንድ ሆነው ወደ አዋሽ ይሄዳሉ።"

"ከአዋሽ ወደ ጅቡቲ?"

"ኧረ የት ደርሰው! አፋር በረሃ ገብተው ይቀራሉ። ባሕር የደረሰ የለም።"

ጓድ አስፋው ደስ አለው። "ውስጣቸው ተደብቆ የሚኖር አለ?"

"አምባዛ አለ። ቀን ቀን ጭቃ ውስጥ ነው፤ ሲመሽ ይንቀሳቀሳል። ፂሙ ይህን ያህላል" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

"አምባዛ የትግል ስሙ ነው?"

"እኔ በሌላ ስም ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም።"

ጓድ አስፋው ጂፑን አስነሥቶ ናዝሬት በረረ። ምንጩ ተደርሶበታል፣ መረቡ ከሾላ እስከ አዋሽ ነው ብሎ ሪፖርት አደረገና ታጣቂ ጭኖ ተመለሰ። ጋሽ ኃይለየሱስ ፊት ፊት እየመሩ ወደ ጫካው ወረድን።

"ይኸውላችሁ!" አሉ እጃቸውን እንደ ደጋሽ ዘርግተው። "ከዚች ሥር ነው።"

ጓድ አስፋው ሾላውን አየ። ውኃውን አየ። በዚያው ቅጽበት አንድ ፂማም ዓሣ ብቅ አለ። "ያውና አምባዛ!" ብለው ጋሽ ኃይለየሱስ ጮኹ፤ አንዱ ታጣቂ ጠመንጃውን ደገነበት።

ጓድ አስፋውን ላብ አጠመቀው። አሁን ተሳስቻለሁ ቢል የሚታሰረው እሱ ነው። አሳዘነኝ፤ እውነት አሳዘነኝ። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ "ምን ብዬ ልመለስ?" አለኝ።

"ምንጩ ተከቧል ይበሉ፣ ጓድ። ውሸት የለውም።"

ጥቂት አሰበና ድምፁን ከፍ አደረገ። "ከበላይ ትእዛዝ እስኪመጣ ወደዚህ ዛፍ ማንም እንዳይጠጋ! ወዬሳ ይጠብቃል!"

አዳራሹ በጭቃ ተሠራ። ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም። ጋሽ ኃይለየሱስ ምንጩን እንደ እስረኛ በጠመንጃ ስጠብቅ እያዩ በየማለዳው መጥተው "ወዬሳ፣ ምንጩ ተናገረ?" ይሉኛል፤ "አልተናገረም" እላቸዋለሁ፤ ተያይዘን እንስቃለን። ያ ሁሉ ጥያቄ ስለ ምን እንደነበር የነገርኳቸው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። እንባቸው መጣ፤ በፍርሃት ነው ስል "እኔ ደግሞ ያ ካድሬ ለሾላው አዝኖ የጠራኝ መስሎኝ፣ በየጸሎቴ ስመርቀው ኖርኩ" አሉ።

በዚያው ሰሞን መጥረቢያ የያዙ ሰዎች ለከሰል የሚሆን እንጨት ፍለጋ ወደ ሾላው መጡ። አፌ ለምዶት "ከበላይ ትእዛዝ አልመጣም!" ብዬ ጥይት የሌለውን ጠመንጃዬን አነሣሁ። የትኛው የበላይ ብሎ የጠየቀ የለም፤ እግሬ አውጪኝ አሉ።

ጋሽ ኃይለየሱስ ዛሬ ሾላውን ከሚያሳየው ኮረብታ ላይ ተቀብረዋል። መንግሥቱ ሄደ፣ ምንጩ ይፈሳል። እኔን ከጥበቃ ያነሣኝ ሰው ግን እስካሁን የለም።