የተነቃነቀ ሰው

ሮቢት ከተማ ሰርግ እየቀረጽሁ ነው። የጨፋሪዎቹ አቧራ አፍንጫዬ ሲገባ እጄ ይቅበጠበጣል፤ ካሜራዬ አንድ ቦታ አያርፍልኝም።

ልጅ ሳለሁ ቆቦ፣ አክስቴ ስትዳርም እንዲህ ያለ አቧራ ነበር። ቪዲዮ ቀራጩ ሲመጣ አያቴ ኩታቸውን አስተካክለው፣ ዱላቸውን ተክለው ቀጥ አሉ። እሳቸው የሚያውቁት ፎቶ ብቻ ነበር። እጄን ጨብጠው «አትነቃነቂ ልጄ፤ የተነቃነቀ ሰው መልኩ ይጠፋል» አሉኝ።

ቀራጩ ሳቀ። «አባባ፣ ይሄ እኮ ቪዲዮ ነው! ይጨፍሩ እንጂ!»

አያቴ አልመለሱለትም። ከንፈራቸው እንዳይነቃነቅባቸው ፈርተው ይመስለኛል። እኔ ግን ጭፈራው ሲደምቅ አላስቻለኝም፤ እጄን መንጭቄ ሮጥሁ።

ካሴቱን ስናየው ሰው ሁሉ አቧራው ውስጥ ይደበዝዛል። እኔም እንደ ጥላ ሽው ብዬ አልፋለሁ። ጥርት ብለው የሚታዩት አያቴ ብቻ ናቸው፤ እጄን የያዙበት እጃቸው ባዶውን እንደተዘረጋ ነው። ከሞቱ ወዲህ የቀረን መልካቸው ይኸው ነው።

አሁን ከጨፋሪዎቹ መሃል አንድ ሽማግሌ ቀጥ ብለው ካሜራዬን ያያሉ። «ይጨፍሩ እንጂ አባባ» ልላቸው አፌን ከፈትሁና መልሼ ዘጋሁት። ትንፋሼን ይዤ ቆምሁ።

ምስሉ ግን አሁንም ይንቀጠቀጣል።