እማዬ የተሳለመችው መስጊድ

ዛሬ እማዬ እዚህ ለንደን፣ ኤሌፋንት ኤንድ ካስል ሰፈር፣ ዳቦ ቤት ውስጥ ቆማ መስጊድ ተሳለመች!

ነጠላዋን አስተካክላ፣ አማትባ፣ ግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ትልቅ የበር ፎቶ እጅ ነሳች። አልፈርድባትም፤ የበሩ ድንጋይ እንደ ጥልፍ ነው የተፈለፈለው። "የየትኛው ደብር በር ነው?" አለችኝ።

የዳቦ ቤቱን ባለቤት ጠየቅሁት። ቱርክ ነው፤ ሳቀ። "ዲቭሪዪ የሚባል ከተማ ያለ የአገሬ የጥንት መስጊድ ነው። አጠገቡ ያለው በር ደግሞ የሆስፒታል ነው። አብረው ነው የተሠሩት፤ ግድግዳቸው አንድ ነው።"

ተረጎምኩላት። ታፍራለች ብዬ ስጠብቅ ወደ ፎቶው ጠጋ ብላ ሁለቱን በሮች ታያለች።

እማዬ ጠበል ከጀመረች ወዲህ የልብ ኪኒኗን ትታለች። "ሁለቱን መቀላቀል እምነት ማጉደል ነው" ትላለች። የሐኪም አፖይንትመንቷን ደጋግማ ካንስል አድርጋብኛለች። ዛሬ ግን ተሸክሜም ቢሆን ልወስዳት ቆርጬ ነው የወጣሁት። ዳቦ ቤቱም የገባነው ባስ አልሳፈርም ብላ ስላኮረፈች ነው።

"መጸለያውና መታከሚያው አንድ ግድግዳ?"

"አዎ እማዬ።"

"እና እነሱ እምነታቸው ጎደለ?"

"እኔ እንጃ። ባሱ መጣ፤ ነይ!"

መጣች። ሐኪሙም አያት፤ ተቆጣም።

አሁን ቤት ነን። ኪኒኗን ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር አቀረብኩላት። ውኃውን ገፋ አድርጋ ጠበሏን ቀዳችና ኪኒኑን በእሱ ዋጠችው።

ነገም አልለቃትም። የእናንተን እናቶችስ ያሸነፋቸው ምን ነበር? ንገሩኝ፤ የእኔን ያሸነፋት የዳቦ ቤት ግድግዳ ነው።