በብረት እጀታ የመታሁት ሰው

ሆሳዕና ውስጥ ብየዳ ቤት አለኝ። በእኛ አካባቢ ባቡር አያልፍም፤ አማቼ፣ የሚስቴ ወንድም፣ ሌሞ ባለው የአባቱ መሬት ላይ ለጎብኚ የእጅ ባቡር እንሥራ ሲለኝ የሳቅኩት ለዚህ ነው። ከዚያ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው አንድ ረጅም እጀታ ከፍ ዝቅ ሲያደርጉ፣ የቆሙበት ጋሪ ሃዲድ ላይ ይሮጣል።

ሠራነው። ሃዲዱ ከእንሰቱ ዳር ተነስቶ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ መሐል ላይ የገበያ መንገዱን ያቋርጣል። ቅዳሜና እሑድ ሙሽሮችና የመዘምራን ወጣቶች እየመጡ ይነዱት፣ ፎቶ ይነሱበት ጀመር።

አንድ ቅዳሜ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ መሻገሪያው ላይ የሞላነውን አፈር ጠርጎታል። እኔና አማቼ አላየንም። ጎብኚ ሳይመጣ ልንሞክረው ቁልቁል ስንወርድ፣ አንድ ባለጋሪ ፈረሱ እግሩን ሃዲዱ ሥር አስገብቶበት ይታገላል። ፍሬኑን ያዝኩ። ብረቱ ርጥብ ስለነበር ተንሸራተተ። ፈረሱን ደረቱ ላይ መታነው።

ባለጋሪው ጎረቤታችን ነው፤ በዕድሜ ይበልጠናል። መጣና አማቼን በጅራፍ ፊቱን ሸነቆጠው። አማቼ ዐይኑን ይዞ ወደቀ። እኔ የእጅ ባቡሩን እጀታ ከማቀፊያው መዝዤ ባለጋሪውን ክንዱ ላይ መታሁት። ክንዱ ሲሰበር በብረቱ በኩል እጄ ድረስ ተሰማኝ። ተንበረከከ።

«ፈረሴን ነው እኮ የገደላችሁት» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

ደግሜ መታሁት፤ ጎኑን።

ገበያተኛው ደረሰ። ድንጋይ ግንባሬን ፈነከተኝ፣ ሌላው ሁለት ጥርሴን አረገፈ። ጋሪያችንን በመጥረቢያ ከሰከሱት። ፈረሱ ገና ይተነፍስ ነበር። ባለጋሪው ክንዱን ታቅፎ «አሳርፉልኝ» አለ፤ አንድ ገበሬ በዚያው መጥረቢያ አሳረፈው።

ሆስፒታል ሦስታችንም አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን።

ፖሊስ ጉዳዩን ከያዘው በኋላ ሽማግሌዎች ገቡበት። አንዱ፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጠየቁኝ፦

«የመጀመሪያውስ ይሁን፣ አማችህን መትቶብህ ነው። ሁለተኛውን ለምን?»

ሰበብ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከአፌ አልወጣም።

«የመጀመሪያው አልበቃኝም» አልኩ።

ባለጋሪው መሬት መሬት ያይ ነበር። ቀና ብሎ ሲያየኝ እኔ አቀረቀርኩ።

ፈረስ ተካንለት፤ የሕክምናውንም ቻልን። ታረቅን ተባለ። አማቼ አዲስ ጋሪ አሠርቶ፣ ሃዲዱን ከመንገዱ በላይ ቆርጦ አስቀርቶ ሥራውን ቀጥሏል። እኔን አብረኸኝ ሥራ አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የባለጋሪው ቀኝ ክንድ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ግራውን ይሰጠኛል፤ እጨብጠዋለሁ።