ተመርቆ እስኪከፈት

በዕድሜዬ በእጄ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ እንከን ያልወጣለት ያ ማራገቢያ ብቻ ነው። ሲያነሱብኝ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በደርግ ጊዜ ነው። ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወዲያ፣ ወደ ጎሮ በሚወስደው ሜዳ ላይ በነበረ አንድ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን ሆኜ ተመደብኩ። መብራት በሌለበት ጣቢያ የኤሌክትሪክ ቴክኒሻን! ሥራዬ አንዲት በናፍጣ የምትሠራ የውኃ ፓምፕ ማስነሳትና ስብሰባ ላይ ማጨብጨብ ነበር።

ጣቢያው የቲማቲም ችግኝ የሚፈላበት አንድ ትልቅ የላስቲክ ቤት ነበረው። የሚያፈሉት ሽማግሌ ስምንት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ሠራተኛ ሆነው ኖረዋል። በበጋ፣ ቀትር ላይ፣ ቤቱ ውስጥ መተንፈስ አይቻልም። ሁለት ዙር ችግኝ በሙቀት ከተቃጠለባቸው በኋላ ኃላፊያችን፣ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ሰው፣ «ሦስተኛው ዙር ከደረሰልህ ቋሚ ትሆናለህ፤ ካልደረሰ ትሰናበታለህ» አላቸው። አንተ እያለ ነው። ቋሚ መሆን ማለት ጡረታ ማለት ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ጉልበታቸው አልቋል።

አሳዘኑኝ። መጋዘኑ ውስጥ ከአንድ ወዳጅ አገር በስጦታ መጥተው ማንም ዘወር ብሎ ያላያቸው ሦስት የሶላር ሰሌዳዎች ነበሩ። ከቆመች ትንሽ የጣሊያን መኪና የራዲያተሯን ማራገቢያ ከነሞተሩ ነቀልኩና የላስቲኩ ቤት ጫፍ ላይ ገጠምኩት። ሰሌዳዎቹን መጋዘኑ ጣራ ላይ ሰቅዬ በሽቦ አገናኘኋቸው፤ ባትሪ አላስፈለገውም። ፀሐይ ስትበረታ ይበረታል፣ ደመና ሲመጣ ይደክማል። አየሩ በፊት በር ገብቶ በማራገቢያው እንዲወጣ ብዬ በግራና በቀኝ የነበሩትን መስኮቶች በአዲስ ላስቲክ ደፈንኳቸው። ስሞክረው ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልጄ፣ ደጋ አደረግኸው እኮ!» አሉኝ።

ደስታችን ለአንድ ቀን ነበር። ኃላፊው ለበላይ ሪፖርት ጻፈ፤ ከላይ አንድ ትልቅ ጓድ መጥቶ መርቆ ይከፍተዋል ተባለ። ያኔ ያልተመረቀ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠር ነበር፤ ጉድጓድም ቢሆን፣ ሽንት ቤትም ቢሆን። ኃላፊው ሰሌዳዎቹን በቀይ ጨርቅ ሸፍኖ በገመድ ጠፍሮ አሰራቸው። «የእንግዳው እጅ ሳይነካው የማንም እጅ እንዳይነካው» ብሎ አስጠነቀቀን። ፀሐይ የሚበላውን ነገር ከፀሐይ ደበቀው። ሶላሩ ምን እንደሚበላ እኔ ነግሬዋለሁ፤ ሰምቷል፤ የሰማው ግን እንደ ቴክኒሻን ወሬ ነው።

እንግዳው ሰኞ ይመጣል ተባለ፤ አልመጣም። ማክሰኞ ስብሰባ ገጠመው። ሽማግሌው በሩን ከፍተው መሬቱን ውኃ ሲረጩ ይውላሉ፤ መስኮቶቹን ደግሞ እኔው ደፍኛቸዋለሁ። ልቅደዳቸው ብል ኃላፊው «ለምረቃ የተዘጋጀ ቤት ልታበላሽ ነው?» ብሎ አፈጠጠብኝ።

ረቡዕ ቀትር ላይ ሽማግሌው ፓምፑ ዘንድ መጡ።

«ልጄ፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ግለጥልኝ። መልሼ እኔው እሸፍነዋለሁ።»

«አባባ፣ ዛሬ ከሰዓት ይመጣሉ ተብሏል፤ ትንሽ ይታገሡ።»

«ትናንትም ዛሬ ነው ብላችሁኝ ነበር። ቅጠሉ መጠውለግ ጀምሯል፤ መጥተህ እይ።»

«ቢያዩንስ?»

«ካዩ እሳቸው ናቸው የገለጡት በል። እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ አላወቀም ይሉኛል።»

ኃላፊው ሲቆጣ ምን ብሎ እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ «ፀረ» ብሎ የጀመረው ነገር የት እንደሚያደርስም አውቃለሁ። ጎመን በጤና ብዬ የፓምፑን ዘይት ወደ ማየት ተመለስኩ። እሳቸው ውኃ ሊረጩ ተመለሱ። ገመዱን ራሳቸው እንዳይፈቱ ሰሌዳዎቹ ጣራ ላይ ነበሩ፤ መሰላሉ ደግሞ እኔ ጋ ነበር የሚቆለፈው።

እንግዳው ዓርብ መጣ። ገመዱን ሳበ፣ ጨርቁ ወረደ፣ ማራገቢያው ተነሳ፣ አጨበጨብን። ውስጥ ገብቶ ለማየት ጊዜ አልነበረውም። ቢገባ የሚያየው አመድ የመሰለ ችግኝ ነበር፤ ማራገቢያው የደረቀውን ቅጠል ሲያንኮሻኩሽ ከውጭ ይሰማኝ ነበር።

በማግስቱ ሠራተኛው ተሰበሰበ። አጀንዳው «በቸልተኝነት ስለጠፋው የሕዝብ ንብረት» ነበር። ሽማግሌው ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ኃላፊው ወደ እኔ ዞረና «ጓድ ቴክኒሻን፣ መሣሪያህ ጉድለት ነበረው?» አለ።

«አልነበረውም» አልኩ። እውነት ነው፤ አልነበረውም። ከዚያ በኋላ ያለችውን አንዲት ዓረፍተ ነገር፣ «ተሸፍኖ ነበር» የምትለዋን፣ ዋጥኳት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ውሸት ነው፤ የእኔው ነቅዟል፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይበላኛል።

«እንዲሰናበት የምትደግፉ እጃችሁን አውጡ» አለ ኃላፊው።

እጆች ወጡ። እኔም አወጣሁ። ከፊተኞቹም ጋር አይደለም፣ ከኋለኞቹም ጋር አይደለም፤ ማንም ልብ እንዳይለኝ መሀል ላይ ጠብቄ ነው ያወጣሁት። እሳቸው ግን አዩኝ።